የማያንጠባጥብ ኩባያ

ኅዳር 12 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

«ከዚህ ኩባያ የጠጣ ልጅ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ጡጦ የሚባል ነገር መኖሩን ይረሳል።»

ከሰላምታ በፊት ወሬ ማስቀደሜን ይቅር ይበሉኝ፤ አነጋገሩ ከጭንቅላቴ እንዳይጠፋ ፈርቼ ነው። የፋብሪካችን የሽያጭ ሠራተኛ ትናንት እንግዶች ሲያስጎበኝ በጠረጴዛዬ አጠገብ እያለፈ የተናገረው ነው። ክራባት አድርጓል፤ የተናገረውም በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት ነው። ስለዚህ አመንኩት።

እንደምን ሰነበቱልኝ? መርፌዎ አይደንዝ፣ ክርዎ አይበጠስ፣ ወገብዎን ይማርልኝ። ዳኛዋስ እንዴት ናት? ልጄን በአሥር ወሯ ትቼልዎት ስመጣ ስም ነበራት፤ ዳኛዋ ያሏት እርስዎ ነዎት፣ አሁን እኔም ሌላውን ስም እየረሳሁት ነው። ስልክዎን የመጽሐፍ መጠረዣ ሙጫ ባልዲዎ ውስጥ ካጠመቀችው ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም።

ሥራሽ ምንድን ነው ብለውኝ ነበር። የሕፃናት ኩባያ እፈትሻለሁ። ውሃ እሞላለሁ፣ ክዳኑን እገጥማለሁ፣ እገለብጠዋለሁ፣ እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ። ጠብ ካላለ ቂጡ ላይ 17 ቁጥርን አትማለሁ፤ 17 እኔ ነኝ። ጠብ ካለ ጉድለቱን በወረቀት ጽፌ ቀይ ሳጥን ውስጥ እከተዋለሁ። ዓመት ሙሉ ያለ አንዲት ስህተት የፈተሸ ሰው የአንድ ወር ፈቃድ ያገኛል፤ የእኔ ዓመት ሚያዝያ 20 ይሞላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እያንዳንዳችን ከየራሳችን ቀይ ሳጥን አንዳንድ ኩባያ እንድንወስድ ይፈቀድልናል። ከደህናዎቹ መንካት ክልክል ነው።

እንግዲህ አንዱን ልኬያለሁ። ጉድለቱ ትንሽ ነው፤ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንዲት ጠብታ ይለቃል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከዓመት ተኩል በኋላ ጡጦ ጥርስ ያበላሻል ብላለች ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ዳኛዋ አንድ ወር ቀርቷታል። ጡጦውን ያስለመድኳት እኔ ነኝ፤ ለመሄድ ስል በአንድ ሳምንት ከጡቴ ነጥዬ። የማስተዋትም እኔ ብሆን ደስ ይለኛል። እጄ ባይደርስ ኩባያዬ ይድረስ።

የተወችበትን ቀን ከነወሩ ይጻፉልኝ። ደግሞ፣ ፎቶዬን ሲያሳዩዋት ታውቀኛለች?

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 5 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ያለሽበት አገር ብርዱ ይራራልሽ፣ አለቃሽም ከብርዱ ትማር። እኛ ደህና ነን፤ አንዳችን ጥርስ እያወጣን ነው፣ አንዳችን እየጣልን።

ኩባያው ከሦስት ቀን በፊት ደረሰ። ዳኛዋ ወለሉ ላይ ችሎት ተቀምጣ ተቀበለችው። በመጀመሪያ ነከሰችው። ቀጥላ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ አዳመጠችው። ከዚያ ማንም ሳያስተምራት ገለበጠችውና ጠበቀች። አንዲት ጠብታ ወረደች። ልጅቷ ጠብታዋን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ኩባያውን አየች። ሁለተኛዋ ስትወርድ እንዲህ ሳቀች ብዬ ልጽፍልሽ አልችልም፤ ጎረቤታችን፣ ጡረተኛዋ አዋላጅ፣ ምን ሆናችሁ ብላ ጫማዋን ሳታወልቅ ሮጣ ገባች። ልጅሽ ወተቷን የጠጣችው ግን ከጡጦዋ ነው። በአንድ እጇ ጡጦ፣ በሌላው እጇ ዝናብ ይዛ ቤቱን ትዞራለች።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ አርባ ሦስት የልደት መዝገቦች እንደገና እንዲጠረዙ እኔ ዘንድ ናቸው፤ ጠረጴዛ አልበቃቸው ብሎ ግማሾቹ ወለል ላይ ናቸው። ዳኛዋ አንደኛው ላይ ዘነበችበት። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተወለደ የአንድ ሰው የአባቱ ስም እዚያው ሟሟ። በዚህ ቤት አባት ሲጠፋ የመጀመሪያው አይደለም፤ ይህን ቀልድ እንደምታልፊው አምናለሁ።

አዋላጇ ገጹን በፎጣ እየተጫነች፣ «አንተ ሰውዬ፣ የምታሳድገው ልጁን ነው መዝገቡን?» አለችኝ።

«ሁለቱንም።»

«እንግዲያው አንዱን ከፍ አድርገህ አስቀምጥ።»

መዝገቡን ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩ። ልጅቷ በማግስቱ ወንበር ላይ መውጣት ተማረች።

እንዲያው ለነገሩ፣ የማያንጠባጥብ የለም እንዴ? ፋብሪካ ሙሉ ኩባያ ፊትሽ ተደርድሮ ለእኛ የደረሰን ዝናቡ ነው?

ሠላሳ ስትቆጥሪ ሃያ ዘጠኝ ላይ የሚያዘናጋሽ አይምጣብሽ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 29 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎ እንደ ጥራዝዎ የጠበቀ ይሁን።

ቀልድዎን አውቀዋለሁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ «ወንድሜ ቤቱ ሲቃጠል እንኳ ቀልድ ፍለጋ ይገባል» ትል ነበር። ግን ያ የአባቱ ስም የሟሟ ሰው ከልቤ አልወጣ አለ። አንድ ቀን የማዘጋጃ ቤት መስኮት ፊት ቆሞ «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል ይታየኛል። ትናንት እሱን ሳስብ ቆጠራ ተምታቶብኝ አንዱን ኩባያ ሦስት ጊዜ ፈተሽኩት። ጎኔ የምትሠራው ባልደረባዬ፣ «አንቺ፣ ከኩባያው ጋር ተጣልታችኋል እንዴ?» አለችኝ።

የኩባያው ጥፋት የኔ ጥፋት ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ልኬያለሁ። ይኼኛው ስትሮ አለው፤ ቢገለበጥም ብዙ አይፈስም። ጉድለቱ ስትሮው በጣት ውፍረት ማጠሩ ነው፤ የመጨረሻዋ ጉንጭ ላይ አይደርስም። እርስዎ ኩባያውን ትንሽ ዘመም ቢያደርጉላት ይደርሳል። የመጀመሪያውን ይጣሉት።

እኔ እዚህ መቀመጥ አቅቶኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ሲያርፉ ከበሩ እስከ ዕቃ ማራገፊያው እመላለሳለሁ። ጥበቃው ዕቃ የጠፋብኝ መስሎት አብሮኝ መሬት መሬቱን ያያል።

እንደ ባለ ክራባቱ ስሌት ዳኛዋ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ጡጦውን መርሳት ነበረባት። ረሳች? ደግሞ ሳስበው ገረመኝ፤ ልጅ በአሥራ አምስት ቀን ያን ያህል የሚወደውን ነገር የሚረሳ ከሆነ እንግዲህ እኔ ከሄድኩ…

ለማንኛውም። ስለ ፎቶው አልመለሱልኝም።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 24 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

እግርሽ ከበር እስከ ማራገፊያ ሲመላለስ ጫማሽ አይለቅ። ጥበቃውንም ሰላም በይልኝ፤ የጠፋውን ሳያውቅ አብሮ የሚፈልግ ሰው ብርቅ ነው።

ባለ ስትሮው ደርሷል። ዳኛዋ ስትሮ በሁለት አቅጣጫ እንደሚሠራ ለመረዳት ጥቂት ደቂቃ ፈጀባት። መሳቡን ሞከረችው፣ አልማረካትም። ከዚያ ነፋችበት። ወተቱ ተንደቅድቆ በክዳኑ ወጣ፤ መነጽሬ ላይ አረፈ። አሁን ይህን የምጽፍልሽ ዓለምን በወተት መጋረጃ ውስጥ እያየሁ ነው። በማግስቱ ስትሮውን አኝካ ሌላ ሁለት ጣት አሳጠረችው፤ ስለዚህ የመጨረሻዋ ጉንጭ ላይ ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያዋም ላይ አይደርስም።

ጡጦው አሁንም ቤታችን ነው። መስኮቱ ሥር መደርደሪያው ላይ ሆኖ በየቀኑ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ።

ቤታችን አሁንም ርጥብ ነው። መዝገቦቹን ከቁም ሳጥኑ በላይ ሰቅዬ፣ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ እጠርዛለሁ፤ ዳኛዋ ከታች ሆና ስታንጠባጥብ ትውላለች። አዋላጇና እኔ ፎጣ ይዘን ጠብ እርግፍ እንላለን። አዋላጇ በሕይወቷ ስንት ሕፃን እንዳዋለደች ታውቂያለሽ፤ አንድም ቀን እንደዚህ ሮጬ አላውቅም ትላለች።

ልጅሽ በደንብ ትሄዳለች። ከጠረጴዛዬ ተነሥታ በሩ ድረስ ትሄዳለች፣ በሩን በእጇ ትነካዋለች፣ ትመለሳለች። ደግሞ ትሄዳለች። ምን እንደምትፈልግ አልነገረችንም። ምናልባት የቤተሰብ ነገር ነው፤ አንቺም ማራገፊያው ድረስ ትሄጃለሽ።

በዓለም ላይ የማያንጠባጥብ ኩባያ አለ መባሉን መጠራጠር ጀምሬያለሁ። ካለም የንጉሥ ልጆች ናቸው የሚጠጡበት። ለእኛ ለተራዎቹ ፎጣ ይበቃናል።

ቁጥርሽ አይሳሳት።

አጎትሽ


የካቲት 14 ቀን

አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ምርቃቱን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው፤ ወረፋ ላይ ቆሜ፣ ወረቀቱን ፖስታው ላይ ደግፌ ነው የምጽፈው።

ሦስተኛው ኩባያ ይኸው። ሁለት ጆሮ አለው፤ ክዳኑ ውስጥ ቫልቭ አለው፤ ልጅ አፏን ገጥማ ካልሳበችው በቀር አንዲት ጠብታ አይለቅም። ሠላሳ አይደለም፣ ሦስት መቶ ቆጥሬበታለሁ። ባልደረባዬ፣ «ኩባያ እየፈተሽሽ ነው ወይስ ንስሐ እየገባሽ?» ስትለኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ቆጠራዬን ቀጠልኩ።

ከቀይ ሳጥኔ ነው የወሰድኩት፤ ቅዳሜ፣ በሰልፍ፣ በሕጉ መሠረት። ቀይ ሳጥን ውስጥ እንዴት እንደ ገባ አይጠይቁኝ።

መዝገቦችዎን ያውርዷቸው፤ በዚህ ዕድሜ መሰላል ላይ ምን ቆርጦዎት ነው? ሚያዝያ 20 ሊደርስ ነው። ስመጣ ከዚህ ኩባያ ስትጠጣ ላያት እፈልጋለሁ።

ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ሁለት ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ጡጦ ተወች ወይስ አልተወችም? ፎቶዬንስ? እርስዎ የጠየቅኩዎትን ትተው ያልጠየቅኩዎትን አሳምረው ይመልሱልኛል።

ወረፋዬ ደረሰ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 9 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም።

ሦስተኛው ኩባያ ደረሰ። ውሃ ሞላሁትና ለማዘጋጃ ቤቱ እጅግ ውድ በሆነው መዝገብ፣ በመጀመሪያው ቅጽ ላይ፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ገልብጬ አቆምኩት። አዋላጇ፣ «አብደሃል?» አለች። ምሳ በልተን ስንመለስ ገጹ ደረቅ ነበር። እንዲያውም ከእኔ ምላስ ይልቅ ደረቅ ነበር።

ከዚያ ቂጡን አየሁ። ቁጥር የለበትም። እንግዲያው የወደቀ ዕቃ ነው አልኩና ጉድለቱን ፈለግኩ። ክዳኑን ፈታሁ፣ ጆሮዎቹን ነቀነቅኩ፣ በማጉያ መነጽር ስፌቱን ተከተልኩ። አላገኘሁም። አርባ ዓመት መጽሐፍ ስጠርዝ ኖሬያለሁ፤ ጉድለት የሌለው ዕቃ በእጄ ሲገባ እፈራለሁ። ምን አደረግሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ አትጠይቁኝ ብለሻል።

ለጠየቅሽኝ መልስ ይኸው። ጡጦ ትታለች። የምትጠጣው አንቺ ከላክሽው ኩባያ ነው። ቀኑን አልያዝኩትም። ይህን ያህል ካወቅሽ ሥራሽን በሰላም ሥሪ፣ እጅሽን ሰብስቢ፣ ሌላ ኩባያ አትላኪ። ከእንግዲህ የሚያስፈልገን አንቺ ነሽ።

ደብዳቤዬ ያጠረው ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አጎትሽ


መጋቢት 30 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ዕድሜዎ ይርዘም፣ ዓይንዎ ይብራ፣ አዋላጇንም ልጅ ባዋለዱ እጆቿ ልክ ይባርክልኝ!

ደብዳቤዎን በፋብሪካው በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ባልደረባዬን አቀፍኳት። «ምንድን ነው? አለቃችን ተቀየረች?» አለች። «ልጄ ከኩባያዬ ጠጣች» አልኳት። እሷም ሁለት አሳድጋለች፤ አልሳቀችብኝም።

ይህ የሆነው ማክሰኞ ነው። ሐሙስ አለቃችን ጠራችኝ። ነገር ሲከፋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ትሰቅላለች፤ ሰቅላዋለች። የየካቲትን የጉድለት ወረቀቶች እያገላበጠች አንዱን አወጣች።

«ይህ ያንቺ ጽሕፈት ነው?»

«ነው።»

«የኩባያው ጉድለት በሚለው ቦታ ምን ብለሻል?»

«የለም ብያለሁ።»

«ጉድለት ከሌለው ቀይ ሳጥን ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ወደ ልጄ ሊሄድ ነበር።»

ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያንጠባጥባል ብለሽ ብትጽፊ እኮ ማንም አያውቅም ነበር» አለችኝ። መቆጣትም ማዘንም መሰለኝ። ምን ልበላት? አጎቴ፣ ኩባያውን ለመውሰድ እጄ እሺ ብሎኝ ነበር፤ ስሙን ለማጥፋት ግን እምቢ አለኝ። ሦስት መቶ ቆጥሬ አንዲት ጠብታ ያልለቀቀን ዕቃ እንዴት ያንጠባጥባል እላለሁ?

አላባረሩኝም። ያለ ስህተት የሚቆጠረው ዓመቴ ግን ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠራል። የሚያዝያው ፈቃድ ቀርቷል። እንግዲህ የምመጣው በመጪው ዓመት መጋቢት ነው፤ ዳኛዋ ያኔ ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ይቀራታል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ቢሉኝ አይፈረድብዎትም። እኔ ግን ሳሰላው አልከሰርኩም። ሌላ እናት ልጇን እዚያው ቁጭ ብላ ጡጦ ታስተዋለች። እኔ ከዚህ ሆኜ በዚያች አንዲት ኩባያ አስትቻታለሁ። የትም ብሆን እናቷ መሆኔን አንድ ነገር መስክሮልኛል፤ ፈቃዱ ዋጋው ነው። ሲከፋኝ ይህን እያሰብኩ እቆጥራለሁ፤ እስከ ሠላሳ ድረስ ይይዘኛል።

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልኝ አለ። የመዝገብ ሰው ሆነው፣ የአርባ ሦስት ቅጽ ሰው የልደት ቀን ከቁም ሳጥን በላይ ሰቅለው፣ የዳኛዋን አንድ ቀን አልያዝኩትም ይሉኛል? ይፈልጉልኝ። ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከ17 ቁጥር ማኅተሜ አጠገብ፣ ጽፌ ልለጥፈው ነው።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 19 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ልብሽን ያጽናልሽ። ከዚህ የተሻለ ምርቃት ፈልጌ አጣሁ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አራት ሳምንት ሆነው። መልሱን አምስት ጊዜ ጀምሬ አምስቱንም የሽፋን ካርቶን ማወፈሪያ አደረግኳቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱን መዝገብ የሚፈታ ጠራዥ፣ ከልደቶቹ ሥር «ይቅር በይኝ» የሚል ወረቀት ያገኛል፤ ማን ለማን እንዳለው ሲያስብ ይውላል።

በመጨረሻ ያስጻፈችኝ አዋላጇ ናት። ትናንት በሬ ላይ ቆማ፣ «ጻፍክላት?» አለች።

«እየጻፍኩ ነው።»

«ወር ሙሉ? ምን ሆኖ ነው ይህን ያህል የረዘመው?»

«የሆነውማ አጭር ነው።»

«እንግዲያው ቀለም አይፈጅብህም። ቁጭ በል፣ ሽማግሌ።»

ቁጭ አልኩ።

ከሦስተኛው ኩባያ ልጀምር። ዳኛዋ በሁለት ጆሮው ይዛው ሳበች። ፊቷ ቀላ። እንደገና ሳበች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ይህ ነው የሚባል ነገር አፏ ውስጥ አልገባም። ከዚያ ተነሥታ መጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ አልወረወረችውም፣ ሰው ያበላሸውን ዕቃ ለባለቤቱ እንደሚመልስ አድርጋ መለሰችው። አዋላጇ አፉን በጥፍሯ እየነካካች፣ «ይሄማ ጆሮ ያበቀለ ጡጦ ነው፤ ልጅ የሚማርበት ኩባያ ዘንበል ሲያደርጉት የሚፈስ ነው» አለች። አሁን የሙጫ ውሃ ይዞልኛል። በአርባ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ የሙጫ ዕቃ አልገጠመኝም፤ መሰላሉ ላይ እንኳ ቢገለበጥ ጠብ አይልም። ምስጋናዬን የምጽፍበት ፊት ግን የለኝም።

በመጋቢቱ ደብዳቤዬ አንድም ውሸት የለበትም፤ ካላመንሽኝ አውጥተሽ አንብቢው። ጡጦ ትታለች፣ አንቺ ከላክሽው ኩባያ ትጠጣለች። የትኛው እንደሆነ ግን አልጻፍኩም። ቃላቱን አንድ በአንድ መርጬ ነው የሰፋኋቸው። ለሥራሽ መዳኛ ይሆናል፣ ያደረግሽው ከንቱ እንዳልሆነ አውቀሽ ትረጋጊያለሽ ብዬ ነበር። በጉድለት ወረቀት ላይ መዋሸት የማትችል ሴት የእህቴ ልጅ መሆኗን ረሳሁ። እኔ በእውነተኛ ቃላት አታለልኩሽ፤ አንቺ በእውነተኛ ቃል ተያዝሽ። ከሁለታችን ማን እንደሚሻል ለመፍረድ ዳኛዋ ገና ትንሽ ናት።

ልጽፍልሽ የሚገባኝ ጥር ላይ ነበር። «ረሳች?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ቀጥለሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ጀመርሽና መሐሉ ላይ ስትደርሺ «ለማንኛውም» ብለሽ ተውሽው። አንቺ ተውሽው እንጂ እኔ ጨርሼዋለሁ። እሱን ይዤ «አዎ፣ ባለ ክራባቱ እንዳለው ረሳች» ብዬ መጻፍ አቃተኝ። ሌላ የምጽፈው ነገር ፈለግኩና ስለ ርጥበት ጻፍኩ፤ ስለ መሰላሉ፣ ስለ ፎጣው፣ ስለ ንጉሥ ልጆች። ቀልድ ለእኔ ዕድሜ ምርኩዝ ነው። አንቺ ግን እዚያ ማዶ ሆነሽ እንደ ትእዛዝ ተቀበልሽው። የማያንጠባጥብ ኩባያ ፈልጌ አላውቅም። ፎጣ ነበረን።

ስለ ፎቶሽ ሦስት ጊዜ ሸሽቼሻለሁ። በየጠዋቱ አሳያታለሁ። የመጀመሪያ ቀን ያደረገችውን እስከ ዛሬ ታደርገዋለች። ከእጄ ትቀበለዋለች፣ ትገለብጠዋለች፣ እስኪያንጠባጥብ ትጠብቃለች። ረጅም ትጠብቃለች፤ አንዳንድ ቀን እኔም አብሬያት እቆጥራለሁ፣ ሠላሳ ያልፋል። ጠብ ሳይል ሲቀር አቅንታ ትመልስልኛለች። በእናንተ ሕግ ያለፈ ነው ማለት ነው። ታውቅሽ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ይህን ነበር ልነግርሽ የፈራሁት።

የወተት ሰዓቷ ስለሆነ እዚህ ላይ ላብቃ። ሱሪዬን እየጎተተች ነው። የመጀመሪያውን ኩባያ ጣሉት ብለሽን ነበር፤ አልጣልነውም።

ቀኑን ከፊርማዬ በታች እጽፈዋለሁ። በመዝገብ ሕግ ከፊርማ በታች የተጻፈ አይቆጠርም፤ ካልፈለግሽው እንዳልተጻፈ ቁጠሪው።

አጎትሽ

ያ የሚያንጠባጥበው ኩባያ የደረሰን ታኅሣሥ 2 ነው። ጡጦዋን ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቀችው ታኅሣሥ 17 ነው።